የቦዩ በር የተዘጋበት ሰዓት

የውሃ አባት የሚባለውን ሹመት መጀመሪያ ያመጣው ሰው ሚስት አልነበረችውም መሰለኝ። ብትኖረው ተው ትለው ነበር። የውሃ አባት ማለት የመስኖ ቦይ ተከትሎ ለሚያርሰው ገበሬ ሁሉ ውሃ በተራ የሚያካፍል፣ የቦዩን በር የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ መጨረሻ ላይም ሁሉም የሚሰድበው ሰው ነው። ባሌ አገኘሁ ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዟል።

እኔ ባንቺአየሁ እባላለሁ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በኩል ገባ ብሎ ነው ቤታችን። ሽንኩርትና ቃሪያ እየጫንሁ ባሕር ዳር እሸጣለሁ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አገኘሁ ዝምተኛ ነው፤ ነገር ሲያብሰለስል ይውላል፣ ውሻ ሲያላዝን ማን ሞተ ይላል። የመረጡትም ለዚሁ ነው። "ደፋር ሰው ውሃ ይሰርቃል፤ አገኘሁ ግን ጥላውን የሚፈራ ነው፣ አይሰርቅም" ብለው ፊት ለፊቱ ተናገሩ። እሱ እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ፈገግ አለ። የተናደድሁት እኔ ነኝ።

የውሃ አባት ሲሾም በሚወደው ነገር ይምላል፤ የቦያችን ደንብ ነው። ከአገኘሁ በፊት የነበረው ሰውዬ በጥማድ በሬዎቹ ነበር የማለው። በሦስተኛው ዓመት ለወንድሙ ተራ አስቀደመ ተባለ፤ በዚያው ክረምት ሁለቱም በሬዎቹ ሞቱ። በሽታ ነው፣ ያን ዓመት የስንቱ ሰው ከብት አልቋል፤ ግን ማን ይሰማል። አያችሁ ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ የቦዩ መሐላ የሚያስበረግግ ነገር ሆነ። አገኘሁ ሲሾም ያለው በሬ ያረጀ ስለነበር "በሱማ አትምልም፣ ነገም ሊሞት ይችላል" ብለው ሳቁበት። ታዲያ ከደብሩ በር ላይ ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተራ ባዛባ፣ ለወገን ባደላ፣ የቦዩን በር ለራሴ ማሳ ስል ብከፍት ወይም ብዘጋ፣ አንድ ልጄን ዜማን አያኑርልኝ።"

ልብ በሉ፣ እኔ ከዜማ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ሰማሁት። ቤት ስንገባ "ዓይንህ ላፈር፣ ልጄን ለሽንኩርት አስያዝህብኝ?" አልሁት። "ካላደላሁ ምን ትሆናለች?" አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍሁት። ኋላ ንዴቴ በረደ፤ እግዜር ሥራ ፈትቶ የቦይ ተራ አይቆጥርም ብዬ ተውሁት። ዜማ ያኔ ባሕር ዳር ትማር ነበርና እንዳትሰማ አደረግን። እስከ ዛሬም አታውቅም።

ነጩ ነገር የታየው በስድስተኛው ዓመት ግድም ነው። ቦዩ ከወንዙ መሻገሪያ በላይ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከኛ ማሳ አጠገብ ማለት ነው፣ በበጋ መሬቱ ላይ ዱቄት የተበተነ የሚመስል ነገር ብቅ አለ። ከብቶቹ መጡና መላስ ያዙ። ለካ ጨው ነው። እኛም እሰይ አልን። ሰዉ ከብቱን ከየአቅጣጫው እየነዳ ያልስ ጀመር፤ እኔም ላሜን ወስጃለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

በሚቀጥለው በጋ ነጩ አምስት ማሳ ያዘ። ሽንኩርቱ ጫፉ እየተቃጠለ ቀረ። አገኘሁ የሰዎቹ ነገር አንጀቱን በላው። ጨው በውሃ ይታጠባል አለና ለነጫጮቹ ማሳዎች ተጨማሪ ተራ ሰጠ፤ የውሃ ማኅበሩም አጨበጨበለት። ለኛ ማሳ ግን፣ ነጭ ስትሆን እያየናት፣ አንዲት ጠብታ አልጨመረም። "መሐላ አለብኝ" ይላል። ውሃ በተጨመረ ቁጥር ነጩ ይሰፋል፤ ነጩ በሰፋ ቁጥር እነሱ ውሃ ይጨምራሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄድን።

አንድ ጠዋት ወለተ ሩፋኤል የምትባል ሴት በጀርባዋ ጀሪካን አዝላ መጣች። ወንዙ ወደ ጣና ከሚገባበት፣ ከደንገሉ አጠገብ ነው የምትኖረው። ትሳደባለች ብዬ ወገቤን ይዤ ጠበቅኋት። አልተሳደበችም። ጣሳ ጠየቀችኝ፣ ከጀሪካኑ ቀዳችና ለአገኘሁ ሰጠችው።

"የኛ መጠጥ ነው፤ ቅመሰው" አለችው።

ቀመሰ። ፊቱ አመድ ለበሰ፤ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ቆመ።

"ከብቶቻችን ሸሽተውታል። እኛ ወዴት እንሽሽ?" አለችው። ከዚያ ጣሳዬን አለቅልቃ መለሰችልኝና ሄደች። ያን ቀን አገኘሁ እህል አልቀመሰም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንጌላዊት መጣች። ባሕር ዳር ቢሮ የምትሠራ የውሃ ባለሙያ ናት፤ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፣ ጭቃ የማትፈራ። የጨው መለኪያዋን ወንዙ ውስጥ ነከረች፤ አንዴ ከቦዩ በላይ፣ አንዴ ከቦዩ በታች። ቁጥሩን አሳየችን። የታቹ የላዩን አምስት እጥፍ ነበር።

"ጋሼ አገኘሁ፣ መሬቱ ሆዱ ውስጥ ጨው አለው" አለችው። "ድሮም ነበረ፣ ግን ተቀብሮ ነበር። አሁን ቦዩ መታጠፊያው ላይ ያፈስሳል፤ ማሳውም ከሚፈልገው በላይ ይጠጣል። ትርፉ ውሃ ወደ ታች ይወርድና ጨዉን ያሟሟዋል። ከፊሉ ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል።"

"እኔ የጨመርሁት ውሃስ?" አላት።

ልጅቷ መለኪያዋን ትጠርግ ጀመር። "አላወቁም ነበር፣ ጋሼ" ብቻ አለች።

መድኃኒቱንም ነገረችን። ቦዩ ሃያ ቀን ይዘጋል፤ መታጠፊያው ተቆፍሮ ላስቲክ ይነጠፍበታል፣ በላዩ ዋልካ አፈር ይደለደላል፣ ማፍሰሱን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ማሳ ውሃው በግማሽ ይቀነሳል። ወንዙ በአንድ ጊዜ አይድንም፣ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ግን ይድናል አለች። ሥራው መሠራት ያለበት ደግሞ በበጋ ነው፤ በየካቲት፣ ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ወር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ብዙው ሰው ይዘጋ አለ፤ ነጩ ስንቱን አስመርሮታል። አዘዘ ተነሣ። አዘዘ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልቅሶ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው፣ ግን ሙሉ ማሳው ሽንኩርት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አገኘሁ፣ ቦዩ የሚያፈስሰው ከማን ማሳ አጠገብ ነው?" አለ።

"ከኔ።"

"ቢዘጋ መጀመሪያ የሚድነው የማን ነው?"

"የኔ።"

"እንግዲህ ለራስ ማሳ ብሎ መዝጋት ይኼ አይደለም ወይ? ዜማ ደግሞ ወሯ ገብቷል አሉ። እኔ ምንም አላልሁም፤ መሐላህን አስብ ነው ያልሁህ።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዜማ እውነትም ወሯ ገብቶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው። ባሕር ዳር ፋብሪካ የሚሠራ ብሩክ የሚባል የናዝሬት ልጅ አግብታ እዚያው ትኖራለች።

ሌላ ሰው ይዝጋው እንዳንል የቦዩን በር ከማለው ሰው በቀር ማንም አይነካም። ሌላ ይሾም ቢባል ደግሞ የሚምል ጠፋ። አገኘሁ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ወልደ ዮሐንስ ሄደና "ይፍቱኝ" አላቸው። "መሐላውን የተቀበለህ ሕዝቡ ነው። ሕዝቡ በአንድ ቃል ይፍታህ፣ እኔ እጸልያለሁ" አሉት። ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ሁሉም ፈታው፣ አዘዘ ሲቀር። በአንድ ቃል አልሆነም።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ፍርሃት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ካልዘጋ ሌላ ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት ጨው ትጠጣለች፤ ያን የሠራው ደግሞ የሱ እጅ ነው። ከዘጋ ልጁ። በቀን ሦስት ጊዜ ዜማ ጋ ይደውላል። "ደኅና ነሽ? እግርሽ አላበጠም? ደኅና ነሽ?" ዜማ ትስቃለች፤ "አባዬ ምን ሆኗል፣ እሱ ነው እንዴ የሚወልደው?" ትለኛለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስልኩን ስዘጋ ስንት ቀን እንደቀራት በጣቴ እቆጥራለሁ። ለአገኘሁ ግን "የሞኝ ነገር ነው፣ እግዜር እንዲህ አይሠራም" እለዋለሁ። አንዳችን ካልበረታን ምን እንሆናለን?

ቅዳሜ ዕለት የቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ "ማሳውን ልለቅ ነው" አለኝ።

"ምን አልህ?"

"ለማኅበሩ ልለቅ ነው። እዚያ ማሳ ከሌለኝ ለራሴ ብዬ ዘጋሁ አልባልም።"

ያቺን ማሳ ድንጋይዋን የለቀምሁት እኔ ነኝ። ዜማን ያስተማርናት በሷ ነው። የቀረችን ሌላ መሬት ዝናብ ካልጣለ የማታበቅል ኮረብታ ናት። ያልወጣኝ ስድብ የለም። "ያንተ ብቻ ናት? የኔ ላብ የለባትም?" አልሁት።

"አለባት።"

"ታዲያ?"

"ዜማ ናት፣ ባንቺ" አለኝ።

ማኅበሩ ተስማማ። አዘዘም "ማሳውን ለቅቆ ከፈረመ ፈትቸዋለሁ" አለ፤ ዓይናችንን ማየት ግን አልቻለም። ቀኑ ሰኞ ሆነ። መጀመሪያ ቀበሌ ገብቶ ይፈርማል፤ ከዚያ በሩን ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ መታጠፊያው ላይ ተሰበሰበ። ላስቲኩን የጫነው መኪና ወንጌላዊትን ይዞ መጣ። ቀበሌ ስንሄድ የመሬት ሠራተኛው የለም፤ ስብሰባ ሄዷል፣ ከሰዓት ይመጣል አሉን። ተመለስን። አገኘሁ የበሩን መዘውር ይዞ ቆመ። ውሃው ሞልቶ ይወርዳል። ስልሳ ሰው ያየዋል። መኪናው ቀትር ላይ መመለስ አለበት፤ ውሃው ሳይጎድል ደግሞ ሥራ አይጀመርም።

"ልጠብቅ" አለ።

"እስከ መቼ?" አሉት።

ወደ እኔ ዞረ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ዓይኖቼን ያየበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ምን አልሁ? ሰለቸኝ፣ ሰው ፊት አሳፈረኝ፣ ማሳዬም እንደ እሳት እያንገበገበኝ ነበር። "ዝጋውና እንገላገል። ለእግዜር ጠዋትና ከሰዓት ምኑ ነው?" አልሁት።

ዘጋው። ሦስት ሰዓት ነበር። ሰዉ ቁፋሮውን ያዘ፣ እኔም እንጀራ ላመጣ ቤት ሄድሁ። አገኘሁ እስከ ቀትር ሲቆፍር ቆይቶ ወደ ቀበሌ ተመለሰ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው። "እማማ፣ እንዳይደነግጡ" ሲለኝ መሬቱ ዞረብኝ። ዜማ ደም ፈሷታል። ሆስፒታል ገብታለች፤ በቀዶ ጥገና ሊያዋልዷት ነው። "መቼ ጀመራት?" አልሁት። እንዴት ያን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ አፌ ራሱ ጠየቀ።

"አምስት ሰዓት ላይ። ልብስ ስታሰጣ ነው አሉ፣ ጎረቤት ነው የደወለልኝ።"

አምስት ሰዓት። በሩ ተዘግቷል፤ ማሳው ገና የኛ ነው።

ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። እየሮጥሁ ቀበሌ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አገኘሁ በሩ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን በወረቀት ይጠርጋል። "ፈረምሁ፣ አለቀ" አለኝ። ፊቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር። "ዜማ ሆስፒታል ናት" አልሁት።

የወረታው አብዱልበሲጥ ባጃጁን ይዞ እዚያው ነበር፤ ጫነንና በረረ። አገኘሁ ብረቱን ጨብጦ ወደፊት ያያል። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ አፉን ከፈተ።

"በስንት ሰዓት ጀመራት?"

አየሁት። ይኼ ሰው እውነቱን ቢሰማ ልጁ ብትድን እንኳ እሱ አይድንም፤ ይኸው ገደልኋት ብሎ ይሞታል አልሁ በልቤ።

"ሌሊት ነው። ጎህ ሳይቀድ ነው የጀመራት፣ ብሩክ ነው የነገረኝ" አልሁት።

"ከመዝጋቴ በፊት?"

"ብዙ በፊት።"

"ማሪያምን?"

"ማሪያምን።"

በእመቤቴ ስም ዋሸሁ። እሱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ፤ የእፎይታ ለቅሶ ነው። እኔ ግን የቦዩ መሐላ የሞኝ ነገር ነው ስል የኖርሁት ሴትዮ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ዝጋው ያልሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰደኝ፣ እኔን ውሰደኝ" እያልሁ ባሕር ዳር ገባሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወንድና ሴት ለየብቻ ይፈተሻል። የሴቶቹ ሰልፍ አጭር ነበርና እኔ ቀደምሁ። ብሩክን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁትና ክንዱን ያዝሁት። "አባቷ ከጠየቀህ ሌሊት ነው የጀመራት በል።" "እንዴ እማማ፣ ለምን?" አለ። "አፈር ስሆንልህ፣ አትጠይቀኝ።" ልጁ ግራ ገባው፤ ግን እግሩ ላይ ልወድቅ ስል እሺ አለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ሐኪሟ ወጣችና "እናትየዋ ብዙ ደም ፈሷታል፣ ግን ተርፋለች። ሴት ልጅ ናት፣ እሷም ትተነፍሳለች" አለችን። አገኘሁ መሬቱን ሳመ። ወደ ብሩክ ቀና ብሎ "ሌሊት ነው አይደል የጀመራት?" አለው። ብሩክ እኔን አየኝ፤ "አዎ፣ ሌሊት ነው" አለ።

ይኼ ሁሉ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ቦዩ መታጠፊያው ላይ አያፈስም። ውሃው በግማሽ ሲቀነስ ሽንኩርቱ ያልቃል ብለው የነበሩት ዝም አሉ፤ አዘዘ ራሱ አምና ጥሩ አገኘ። ወንጌላዊት በየወሩ መጥታ ትለካለች፤ ቁጥሩ እየወረደ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል። ወለተ ሩፋኤል ባለፈው ገበያ አግኝታኝ ከብቶቹ ወንዙን መጠጣት ጀመሩ አለችኝ። የለቀቅናት ማሳ ነጯ እየለቀቃት ነው፤ ዘንድሮ ሌላ ሰው ገብስ ዘርቶባታል። በዚያ ሳልፍ አንገቴን አዙሬ ነው። አገኘሁ ግን እንቅልፍ ይተኛል። "አየሽ፣ በደንቡ ስለሠራሁ እግዜር አተረፋት" ይለኛል።

እኔ ነኝ የማልተኛው። የልጅ ልጄ ሊድያ ሳል ከያዛት ሰዓት እቆጥራለሁ፤ መሐላው ረስቶን ይሁን ወይስ ጊዜ ሰጥቶን እንጃ። ለአባ ወልደ ዮሐንስ ልናዘዝ ሁለት ጊዜ ሄጄ ደጁ ላይ ተመልሻለሁ። ዜማ ደግሞ የመሐላውን ነገር ስለማታውቅ ያን ቀን ማውራት ትወዳለች፤ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። ባለፈው ፋሲካ እኛ ቤት መጥተው፣ አባቷ ሊድያን ታቅፎ ተቀምጦ ሳለ፣ "የዚያን ዕለት እኮ ልብስ እያሰጣሁ..." ብላ ጀመረች። የፈላውን የዶሮ ወጥ ድስት አንስቼ የገዛ እግሬ ላይ ደፋሁት። ሁሉም ወደ እኔ ተንጋግተው መጡ፣ ወሬውም ተረሳ። ቁስሉ ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ዜማ ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር ገበያ አልወጣም፣ ውሃም አልቀዳም፤ አባትና ልጅን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን ትቻቸው አላውቅም።